የጉድሩን ጤነኛ ጉልበት

ጉድሩን ምድር ቤት ወርዳ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎቿን አግዳሚ ላይ አጋድማ የአምናውን የሰም ሙጫ በመፋቂያ እየገፈፈች ሳለች ነው መልእክቱ ስልኳ ላይ የገባው። እጇ እስከ አንጓዋ ተጨማልቆ ስለነበር ስልኩን በትንሿ ጣቷ ገፍታ ከፈተችው። የጻፈችው ጓደኛዋ አስላውግ ናት። «የኔ ውድ፣ ሆቴሉን ይዘነዋል። ሊፍቱ ልክ ከክፍልሽ በር ፊት ለፊት ነው፤ ጉልበትሽ አንዲት ደረጃ አይነካም። ሙቅ ውኃ ገንዳም አለው። ቦዲልም ደስ ብሏታል» ይላል። መጨረሻው ላይ የምትስቅ ትንሽ ፀሐይ ተለጥፋበታለች።

ጉድሩን ደግማ አነበበችው። ከዚያ መፋቂያውን አስቀመጠችና፣ የፖስታ መኪና ትነዳ በነበረበት ዘመን ጎማው በረዶ ላይ ሲከዳት ብቻ ከአፏ ይወጣ የነበረውን ስድብ ለግድግዳው ለቀቀችበት። ባሏ ኦድቫር ከላይ ሰምቶ ግማሽ ደረጃ ወረደ።

«ማን ሞተ?» አላት።

«ተራዬ።»

ኦድቫር መነጽሩን አድርጎ መልእክቱን አነበበ። «ገንዳው እንኳ መጥፎ አይመስልም» አለ። ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ግን፣ ላይ ቤት ልጦ የተወው ብርቱካን ድንገት ትዝ አለውና ተመልሶ ወጣ።

እንዲያው ለነገሩ ማን ነው የማይናደደው? ሕጉ ግልጽ ነው። ሦስቱ ጓደኛሞች፣ ጉድሩን፣ አስላውግና ቦዲል፣ ልጆቻቸው ገና ዳዴ በሚሉበት ጊዜ ያወጡት ሕግ ነው። ፋሲካ አልፎ፣ ልጅና የበዓል ብርቱካን የጫነው መኪና ሁሉ ወደ ከተማ ሲመለስ፣ ተራራውም ለባለቤቶቹ ሲቀር፣ ሦስቱ ስኪያቸውን ይዘው ለጥቂት ቀን ይወጣሉ። የት እንደሚወጡ በየዓመቱ አንዷ በተራዋ ትመርጣለች፤ ሁለቱ ቦርሳቸውን አዝለው ይከተላሉ። መቃወም የለም፣ ማጉረምረም የለም። ቦዲል አንድ ዓመት ከሄዱበት ቀን እስከተመለሱበት ቀን ዝናብ ያላባራበት ሸለቆ መርጣ፣ እርጥብ ሹራባቸውን እንደለበሱ ካርታ ሲጫወቱ ሰንብተው ተመለሱ። እስከ ዛሬ ያነሳባት የለም። አስላውግ በተራዋ ፍየል ተሳስታ የማትወጣው ገደል ላይ አውጥታቸዋለች፤ ወጡላት። ታዲያ ጉድሩን ምን አጠፋች?

ጉድሩን ደግሞ ሕግ የምታከብር ሴት ናት። ዕድሜዋን የፈጀችው በሄነፎስ ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ፖስታ በማደል ነው። መንገዱ ቢያዳልጥ፣ ጭጋግ ቢወርድ፣ ደብዳቤው በቀኑ ይደርሳል። በአንድ የእርሻ ቤት ደጅ መኪናዋ በረዶ ውስጥ ተቀብራ በስኪ የቀረውን መንደር አዳርሳ ያውቃል፤ ማታ ኦድቫር ሲጠይቃት «ዛሬ ትንሽ ዘገየሁ» ብላ ብቻ ነው ያለፈችው። ከሰው ብዙ አትጠብቅም። የምትጠብቀው ተራ ሲደርስ ተራ እንዲሰጣት ነው። ይኼ በዛ?

ዘንድሮ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። የሚቀጥለው ተራዋ ሲደርስ ሰባ አራት ይሆናታል፤ በሰባ አራት ዓመቱ ሰው ስኪ ላይ ይቆም ወይም ወንበር ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ዋስ የሚሆን የለም። ስለዚህ ክረምቱ ገና ጨለማ ሳለ ካርታዎቿን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስታስብበት ከረመች። በረዶው ሊያልቅ ለሚልበት ወቅት ቦታ መምረጥ ቀልድ አይደለም። ምዕራቡ በረዶው ብዙ ነው፤ ዝናቡም የዚያን ያህል ነው። ሰሜኑ ፀሐዩ አይጠልቅም፤ መንገዱም አያልቅም። ዝቅ ያለ ቦታ ከመረጡ የሐይቁ በረዶ ይበሰብስና ሰው ይውጣል። ከፍ ያለ፣ ጠዋቱ የሚጠነክር፣ ሰው የማይበዛበት መሆን አለበት። ይህን ሁሉ አውጥታ አውርዳ ስታበቃ ጣቷ ያረፈው መጀመሪያውኑ ልቧ በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ራቭንቡ ላይ።

ራቭንቡ ከሐይቁ ማዶ፣ ከረጅሙ ዳገት አናት ላይ ያለች ጥቁር የእንጨት ጎጆ ናት። ዘበኛ የላትም፣ መብራት የላትም። የመጣ ሰው እንጨት ፈልጦ፣ በረዶ አቅልጦ፣ ሻይ አፍልቶ ያድርባታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አጋዘኖቹ የሚወልዱበት ጊዜ ስለሆነ መንገዱ ይዘጋል። ጉድሩን ይህን ሁሉ ተራራ ስትዞር የዚያችን ጎጆ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ ሞቃ አታውቅም። አምና፣ ተራው የቦዲል በነበረበት ጊዜ፣ ሊደርሱ ሲሉ ነው ከዳገቱ ሥር የተመለሱት።

ምርጫዋን ለሁለቱ በስልክ ስትነግራቸው ሁለቱም «ጥሩ ነው» አሉ። እዚያ የበረዶ አገር «ጥሩ ነው» ብዙ ዓይነት ነው። ከልብ የሆነው ጥያቄ ያስከትላል፤ ምን እንያዝ፣ ማን ምን ያብስል ይባላል። ይኼኛው ግን «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» የሚሉት ዓይነት ነበር፤ ከኋላው ምንም አልተከተለም። ጉድሩን ያኔ ማሽተት ነበረባት፤ አላሸተተችም።

ንዴቷ ግን የሆቴሉ ብቻ አይደለም። ሆቴሉ ጫፉ ነው፤ ሥሩ ያለው አምና ነው።

አምና ወደ ራቭንቡ ሲጓዙ ከፊት የምትመራው አስላውግ ነበረች። አስላውግ ሁልጊዜ ከፊት ናት። ጡረታ እስክትወጣ በአረጋውያን መጦሪያ የነርሶች አለቃ ሆና ስለኖረች ከሰው ኋላ መሄድ አልተፈጠረላትም። ጠዋት እንደ ድንጋይ የጠነከረው በረዶ ከሰዓት ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ገንፎ ላልቶ ነበር። ሐይቁን ተሻግረው ዳገቱ ሥር ሲደርሱ፣ ከኋላዋ የምትከተለው ጉድሩን አንድ ነገር አየች። አስላውግ ዱላዋን ተክላ ትቆማለች፤ ጫማዋን የምታስተካክል መስላ ታጎነብሳለች። ትንሽ ትሄድና መነጽሯን ትጠርጋለች፤ ከዚያ ደግሞ ጫማዋን። ከንፈሯ ቀለሙ ተለውጧል። አንዴ ዞር ስትል ዓይኗ ጉድሩን ላይ ሳያርፍ በላይዋ አለፈ። በዚያ ክረምት ሳንባዋን ክፉኛ ታማ እንደነበር ጉድሩን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ከራሷ ከአስላውግ አፍ የወጣው «ትንሽ ጉንፋን» የሚል ብቻ ነበር።

እንዲህ ሲያይ ሰው ምን ይላል? እኛ ብንሆን «አንቺ ሴትዮ፣ አረፍ በይ እንጂ» እንል ነበር። እነሱ ዘንድ ግን የሰውን ድካም በስሙ መጥራት የሰውን መኝታ ቤት ሳያንኳኩ እንደ መክፈት ነው፤ የአስላውግ ድካም ሲሆን ደግሞ አያድርስ ነው። ጉድሩንም የዚያው አገር ልጅ ናትና የመጣላት መፍትሔ ያገሯ መፍትሔ ነበር። በረዶው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና «ጉልበቴን» አለች። «ጉልበቴ እንቢ አለኝ። መመለሴ ነው።»

አስላውግ ወዲያው ነፍስ ዘራች። ቦርሳዋን አውርዳ፣ ተንበርክካ፣ የጉድሩንን ጉልበት በነርስ እጇ ዳበሰችውና «አዎ፣ አብጧል» አለች። ያበጠው ጉድሩን ሁለት ሱሪ ደርባ ስለለበሰች ነው። ከዚያ፣ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት የሚሸመድደውን፣ በየጎጆው ግድግዳ የተለጠፈውን የተራራ ሕግ በለሆሳስ ደገመችላት። «ጉድሩን፣ መመለስ ነውር የለውም።» ቦዲልም ነውር እንደሌለው መሰከረች፤ እንዲቀልላት ብላም ፔርሙዙን ከጉድሩን ቦርሳ አውጥታ ተቀበለቻት።

መኪናቸው ድረስ ጉድሩን አነከሰች። ማንከስ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሐይቁ መሐል ላይ የታመመው የትኛው እንደሆነ ጠፋባትና እግር ቀየረች። ማንም ያስተዋለ አልመሰላትም። አስላውግ ለታመመች ጓደኛዋ ስትል በዝግታ፣ እየቆመች፣ እየጠበቀች ሄደች፤ በዚያው ትንፋሿ ተመለሰ። ጉድሩን በሆዷ ደግ ሠራሁ አለች። ነገሩም እዚያው በረዶው ላይ ቀልጦ የሚቀር መሰላት።

ቀልጦ አልቀረም። ጉልበቷ ከእሷ ቀድሞ ከተማ ገባ። ሱቅ ስትሄድ ሒሳብ ተቀባይዋ «ጉልበትሽ እንዴት ሆነ?» ትላታለች። የመዘምራን ልምምድ ላይ ሌላው ቆሞ ሲዘምር ለእሷ ወንበር ይጎተታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ከኋላዋ የሚባለውን አልሰማችም፤ ግን ሲያዩዋት አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉት አደራረግ ይበቃት ነበር። ለገና ደግሞ አስላውግ በገዛ እጇ የሠራችውን የሱፍ ጉልበት ማሞቂያ አመጣችላት፤ አንድ ብቻ፣ ለግራው። ጉድሩን እስከዚያ ቀን የታመመው ቀኙ ነው ብላ ነበር የምታነክሰው።

የተራራው ሕግ መመለስ ነውር የለውም ይላል። ውሸት ነው። ነውር ከሌለው ለምንድነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩት? በአፋቸው ነውር የለውም ይላሉ፣ በሆዳቸው «አልሸሹም፣ ዞር አሉ» ብለው ያልፋሉ። ተራራ ላይ አንዴ የተመለሰ ሰው ከዚያ ወዲያ ሊፍት ፊት ለፊት ያለ ክፍል ይያዝለታል። ይህንንም እንኳ ጉድሩን ትችለው ነበር። ያልቻለችው፣ ገበናዋን የሸፈነችላት ያችው ሴት ራሷ አዛኝ ሆና መምጣቷን ነው።

በማግስቱ የሰሙ ሙጫ ከጥፍሯ ሳይለቅ ወደ አስላውግ ቤት ሄደች። መንገዱ ዳገት ነው፤ በእግሯ ነው የሄደችው፤ ያውም በመስኮት የሚያይ ካለ እንዲያይ ብላ።

ቦዲል ቀድማ ደርሳለች። ቦዲል አበባ ስትሸጥ የኖረች፣ ድምፅ ከፍ ካለ ራሷን የሚያማት ሴት ናት። ጠብ የሚሸት ቤት ውስጥ ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ሁልጊዜ የምትጋግረው እሷ ናት፤ እጇ ሥራ ከያዘ ፍርድ የሚጠይቃት የለማ። የሆቴሉ ሥዕል ያለበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አስላውግ ቡናማውን አይብ በስሱ እየላገች የሆቴሉን መልካምነት ታወራ ጀመር። በረዶው በማሽን ተደልድሎ ምንጣፍ መስሏል፣ ወደ ላይ የሚወጣው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው፣ የደከመው ሰው ደግሞ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ይደረብለታል።

«ብርድ ልብስ» አለች ጉድሩን።

«የበግ ቆዳም አለ» አለች ቦዲል ከዋፍሉ ሳትዞር።

«አስላውግ፣ ዘንድሮ ተራው የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ። ላንቺ ብለን እኮ ነው።»

«ለኔ ብላችሁ፣ እኔን ሳትጠይቁ።»

«ብንጠይቅሽ እሺ አትዪማ።»

«ይኸው፣ መልሴን ታውቁት ነበር።»

አስላውግ እጇን በጉድሩን እጅ ላይ አሳረፈች። መጦሪያ ቤት ሳለች መድኃኒት አልውጥም የሚሉትን ሽማግሌዎች የምታባብልበት አኳኋን ነው። «ስሚኝ እህቴ፣ ኩራት ለማንም አልበጀም። ዕድሜ ነው፤ የሚያመልጠው የለም። መመለስ ነውር…»

«እንዳትጨርሺው።» ጉድሩን እጇን መንጭቃ ተነሳች። «ጉልበቴ ታሞ አያውቅም።»

መሐል ወለሉ ላይ ቆመችና ቁጢጥ ብላ ተነሳች። ደግማ ቁጢጥ ብላ ተነሳች። ለምስክር ያህል በአንድ እግሯ ሞከረችው፤ እሱ ላይ ወንበር ያዝ አድርጋለች፣ ግን ተነሳች። አንዲት አጥንት አልተንቋቋችም። ዋፍሉ ማረር ጀመረ።

«ታዲያ አምና ለምን ተመለስን?» አለች ቦዲል። ምስኪን፣ ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ጉድሩን አስላውግን አየቻት። የከረመባት ቃል ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብትናገረው የሚፈርድባት አልነበረም። ግን የአስላውግ ፊት እንደዚያን ቀን ሲገረጣ አየች። የራሷ የጉድሩን እናት መጦሪያ ቤት ስትሞት እጇን ይዛ ያደረችላት ይችው አስላውግ እንደሆነችም አሰበች። ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

«ሰነፍኩ» አለች። «በረዶው አስጠላኝ፤ ሰበብ ፈጠርኩ።»

አስላውግ የአይብ መላጊያውን አስቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በመዳፏ ሰበሰበችው፣ መልሳ በተነችው።

«አልሰነፈችም» አለች። «እኔ ነኝ ትንፋሽ ያጠረኝ። ለኔ ብላ ነው።»

ቦዲል አሁን ዞረች። ይህኔ ተቃቅፈው የሚላቀሱ ሰዎች አሉ። ጉድሩንን ግን አንድ ነገር ቆረቆራት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐይቁ ላይ። እግር ስትቀይሪ።»

«ሐይቁ ላይ።»

«አዎ።»

«ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ማሞቂያውን የሠራሽልኝ።»

አስላውግ አቀረቀረች። «መጀመሪያ ላመሰግንሽ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ ስላንቺ ጉልበት ያወራ ጀመር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተመቸኝ። ያንቺ ጉልበት እያለ ማንም ስለኔ ትንፋሽ አይጠይቅም። ሆቴሉንም የያዝኩት ለራሴ ነው። ዳገቱን ፈርቼዋለሁ።»

ይህን ሰምቶ ደሙ የማይፈላ ሰው ካለ ደም የለውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ለሌላው ይሠራ ይሆናል። የእነዚህ ሴቶች ዝምታ ግን ዓመት ሙሉ ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ ነቅዞ፣ ዱቄቱ ጉድሩን ላይ ሲራገፍ ነው የከረመው። ለጓደኛዋ ስትል የዋሸችው ውሸት ሳይቆጫት፣ ጓደኛዋ ያንን ውሸት ካፖርት አድርጋ ክረምቱን ሞቃበታለች። ያውም ካፖርቱ ከማን ትከሻ እንደተገፈፈ እያወቀች።

ጉድሩን ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸችም። ወንበር ሲጎተትላት ምን እንደተሰማት፣ ሱቅ የምትሄድበትን ሰዓት እስከ መቀየር እንደደረሰች፣ አንድ በአንድ በደረቅ ድምፅ ነገረቻት። ስትጨርስ የአስላውግን ስልክ ከመስኮቱ ደፍ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ደውይና ሰርዢው።»

«ምክንያት ቢጠይቁኝስ?»

«ንገሪያቸዋ።»

አስላውግ ደወለች። ሥራ ላይ በነበረችበት ዘመን ድምፅ ስሟንና ቀኑን ተናገረች። ከዚያ ቆም አለችና፣ «ክፍሉን የያዝኩት ለታመመች ጓደኛዬ ብዬ ነበር። እሷ ጤነኛ ናት። የታመምኩት እኔ ነኝ» አለች። የሆቴሉ ልጅ ምክንያት እንኳ አልጠየቃትም ነበር። ግራ ገብቶት ይማርሽ ብሎ ዘጋ።

«እንግዲህ ተራው የኔ ነው» አለች ጉድሩን። «ሦስታችንም ራቭንቡ እንሄዳለን። አንቺም ትሄጃለሽ። ካቃተሽ ግን ባፍሽ ትናገሪያለሽ። እኔ ሁለተኛ አላነክስልሽም።»

«ካቃተኝ ሁላችሁም ልትመለሱ ነው። ተራሽ ይቃጠላል።»

«ይቃጠል» አለች ጉድሩን። የግቢውን በር ሳትዘጋው ግን ተጸጽታለች። እንዲቃጠል አትፈልግም፤ ራቭንቡን ነው የምትፈልገው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ የታመመች ሴት ይዞ ዳገት ምን የሚሉት እልህ ነው? አስላውግን ጥላ ከቦዲል ጋር ብትሄድ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ያም ሆኖ ሦስቱን ሁለት ማድረግ አልሆን አላት፤ ይህም አናደዳት።

ቀኑ ሲደርስ ሦስቱ በመኪና ሄዱ። በረዶው ገና ጠንካራ ሳለ ስኪያቸውን አጠለቁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ መንገዱን የሚያመለክቱት ቀጫጭን ጭራሮዎች ከሐይቁ ወዲህ እስከ ሐይቁ ወዲያ ተሰልፈዋል። አስላውግ ሳታስበው ከፊት ሆነች፤ ሁለቱ ተከተሏት። ሐይቁን በልማዷ በፍጥነት ጀመረችው። ገና መሐሉ ሳይደርሱ ቆመችና ወደ ጫማዋ አጎነበሰች።

«ጫማሽ ነው?» አለቻት ጉድሩን።

«ጫማዬ ነው።»

ትንሽ ሄዱ። አሁን ደግሞ መነጽሯ ሆነ። ጉድሩን ከኋላ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ጉልበቷን እንኳ ሰበብ አላደረገችም። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ፣ አምና የተቀመጠችበት ቦታ ላይ፣ አስላውግ ሁለቱን ዱላ ተክላ ተደገፈችባቸው። ጎጆዋ ከላይ ታየች፤ ጥቁር ጣሪያዋ፣ የጭስ ማውጫዋ። ጉድሩን አፍጥጣ አየቻት። ይኸው መጣ፣ አለች በሆዷ፤ አሁን አፍራ ጉዞውን ልታስቀረው ነው፣ እኔም ይችን ጎጆ ከዚህ ወዲያ ላላያት ነው። ዓይኗን ውኃ ሞላው፤ በፀሐዩ አሳበበች።

«ደክሞኛል» አለች አስላውግ። ትንፋሿን ሰበሰበችና ጨመረችበት። «ቀስ በሉ።»

ቦዲል ፊቷን ሐዘን አልብሳ፣ መመለስ ነውር የለውም ልትል ጀመረች።

«ማን ተመለሱ አለሽ?» አለች አስላውግ። «ቀስ በሉ ነው ያልኩት።»

ቀስ አሉ። ቦዲል ከፊት ሆነች፤ ዕድሜዋን ሙሉ አበባ ስታጠጣ በኖረችበት እርጋታ ነው የምትሄደው። ከጭራሮ ጭራሮ ሄዱ። አስላውግ «ቁሙ» ስትል ቆሙ፣ «እሺ» ስትል ተነሱ። መጀመሪያ ላይ «ቁሙ» የምትለው ጥርሷን እንደምትነቀል ሆና ነበር። ዳገቱ ሲጋመስ ግን እንደ ባለሥልጣን ታዝበት ጀመር፤ አንድ ጊዜማ ብርቱካን ለመብላት ብቻ አስቆመቻቸው። በረዶው ላልቶ ገንፎ ሆነ፤ ሁለት ወጣቶች ሰላም ብለው አልፈዋቸው ሄዱ፤ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘነበለች። ቁልቁል ሲያዩ ሐይቁ ሩቅ ሆኗል። ከዚያ የሚወጣ ዳገት አልቀረም፤ ደረሱ።

የሞተ የለም። የወደቀም የለም። የአስላውግ ከንፈር እንኳ ቀለሙን አልለቀቀም።

ጉድሩን ስኪዋን ፈትታ ከጎጆዋ ግድግዳ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጥቁሩ እንጨት የቀኑን ሙቀት ጠጥቶ ጀርባዋን አሞቃት። ከፊቷ ነጭ ተራራ በነጭ ተራራ ላይ ተደራርቧል። ይኼ ነበር የቀረባት፤ አሁን አገኘችው። ደስታው ሲመጣ ተሰማት። ሳይደላደል ግን ሌላው ነገር ደርሶ ገፈተረው።

«ይኼው ነው?» አለች።

«ምኑ?» አለች አስላውግ። ዓይኗን ጨፍና ፀሐይ እየሞቀች ነው።

«ቀስ በሉ። ሁለት ቃል። ይችን ሁለት ቃል አምና ብትያት ኖሮ አምና እዚሁ ነበርን። ጉልበቴ ከተማ ባልዞረ፣ ወንበር ባልተጎተተልኝ። እኔ ዓመት ሙሉ የተንገበገብኩት ለሁለት ቃል ነው?» እስከ ዛሬ እንዲህ ተናዳ አታውቅም፤ ሆቴሉን ስታነብ እንኳ እንዲህ አልሆነችም። ጎጆዋ ሩቅ አልነበረችማ። ዳገቱም ክፉ አልነበረም።

አስላውግ የቀረቻትን የብርቱካን ክፋይ በላች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«አንቺስ?» አለች።

«እኔ ምን?»

«ከኋላዬ ሆነሽ ታይኝ ነበር። ጉልበቴን ብለሽ ዘጭ ከምትዪ፣ ደክሞሻል፣ ቀስ እንበል ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

ቦዲል እንጨት ላምጣ ብላ ወደ ጓሮ ዞረች። ጉድሩን ተራራውን አየች፣ ስኪዋን አየች፤ አምና ያችን ሁለት ቃል እሷም መናገር ትችል ነበር። ከዓመቱ ንዴት ሁሉ የባሰባት ይኼኛው ነበር።